ሠንጠረዡን ዝጊና ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አሳርፊው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተግባር ፈተና ሊደርስብን ነው። ከጣት እስከ ትከሻ ያለውን የራጅ ፖዚሽን (የታካሚውን አቀማመጥ) ሁሉ ሸምድጃለሁ። ዲግሪውን፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ርቀቱን በሠንጠረዥ ጽፌ ዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ታካሚ ፊት ስቆም ግን ሁሉም ድርግም ብሎ ይጠፋብኛል። በቀደም አንዲት ትንሽ ልጅ ከዛፍ ወድቃ ክርኗ አብጦ መጣች። ለኤፒ (ከፊት ወደ ኋላ ለሚነሳው ራጅ) እጇን ልዘረጋው ስሞክር አለቀሰች። ደንግጬ ቆምኩ። ሲኒየሩ መጥቶ ወዲያው ጨረሰው። የእጅ አንጓ ትንንሽ አጥንቶችም ቅደም ተከተላቸው ይምታታብኛል። አስተማሪያችን ደግሞ የሳተን ተማሪ ሰው ፊት ያሸማቅቃል። ሙያው የእኔ አይደለም ይሆን? ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ከልጅቷ ልጀምር።

እጇን ስትነኪያት አለቀሰች፣ አንቺም ቆምሽ። ደግ አደረግሽ። መቆምሽን እንደ ሽንፈት የቆጠርሽው ይመስለኛል። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ውስጥ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ያበጠ የልጅ ክርን በግድ ሲዘረጋ ዝም ብሎ የሚቀጥል ተማሪ ቢሆን ነበር የሚያሳስበኝ። የጎደለሽ ከቆምሽ በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው፤ እሱ ደግሞ ይለመዳል።

ሽምደዳሽ ለምን እንደከዳሽ ልንገርሽ። ሠንጠረዡ ላይ ያለው መልስ ብቻ ነው። «90 ዲግሪ» ይላል፣ ለምን 90 እንደሆነ አይልም። «45 ዲግሪ ወደ ትከሻ» ይላል፣ ምን ለማየት እንደሆነ አይልም። ራጅ ውፍረት ያለውን አካል ጠፍጣፋ ፎቶ ላይ ስለሚያወርደው አጥንት በአጥንት ላይ ይደረባል። ፖዚሽን የምንለው ሁሉ «የቱ አጥንት የቱን ሸፈነብኝ? እንዴት ገለል ላድርገው?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ጥያቄውን ከያዝሽ ዲግሪውን ብትረሺ እንኳ አስበሽ ትደርሺበታለሽ። ዲግሪውን ብቻ ከያዝሽ ግን አንዲት የምታለቅስ ልጅ ሁሉንም ታስጥልሻለች።

አሁን ስልክሽን አስቀምጪውና ቀኝ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አጋድሚው። መዳፍሽ ወደ ላይ ይሁን። በአውራ ጣት በኩል ያለው ረጅም አጥንት ሬዲየስ ነው፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና። ክርንሽን ሳታነሺ መዳፍሽን ወደ ታች ገልብጪው። አልና ከቦታው ብዙም አልተነቃነቀም። ሬዲየስ ግን አውራ ጣትሽን ተከትሎ በአልና ላይ ተሻገረ። የፎርአርም (የታችኛው ክንድ) ኤፒ መዳፍ ወደ ላይ ተደርጎ የሚነሳው ለምን እንደሆነ ከእንግዲህ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም። መዳፍ ከተደፋ ሁለቱ አጥንቶች ይጠላለፋሉ፤ ስብራትም እዚያ መጠላለፊያ ላይ ሊደበቅብሽ ይችላል።

ከክርን በታች የምትከተይው አውራ ጣትን ነው። ከክርን በላይ ሌላ ምልክት አለ። ክርንሽን እጠፊና ግራና ቀኙን ዳብሺ። ሁለት ጉብታዎች ታገኛለሽ፤ ወደ ሰውነትሽ በኩል ያለው ጎላ ይላል። ኢፒኮንዳይል የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሁመረስ፣ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ ወዴት እንደዞረ የሚናገሩት እነሱ እንጂ መዳፍ አይደለም። አሁን ጉብታዎቹን በግራ እጅሽ ጣቶች ቆንጥጠሽ ያዢና ቀኝ መዳፍሽን አገላብጪው። ንቅንቅ አይሉም። ብዙ ተማሪ የታካሚውን መዳፍ ገልብጦ ሁመረሱን ያዞረ ይመስለዋል። ክርኑ ታጥፎ ከሆነ የዞረ ነገር የለም። አውራ ጣትና ሁለቱ ጉብታዎች ብቻ ከፈተናሽ ብዙውን ክፍል ይሸፍኑልሻል።

ፎርአርም ላይ ሳለን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም መገጣጠሚያዎች፣ አንጓውም ክርኑም፣ ፊልሙ ላይ መግባት አለባቸው። «የሚያመው መሃሉ ነው» ቢልሽም አትቁረጪ። አልና ተሰብሮ ሬዲየስ ከክርን ላይ ሊወልቅ ይችላል፤ ሞንቴጂያ ይሉታል። ሬዲየስ ተሰብሮ በአንጓው በኩል መገጣጠሚያው ሊለቅም ይችላል፤ እሱ ጋሌያዚ ነው። ስብራቱን አይተሽ ውልቃቱን ከፊልም ውጭ ካስቀረሽው ሐኪሙ ግማሹን ብቻ ያያል። ሳልረሳው ልንገርሽ፦ ሞንቴጂያ በጣሊያን፣ አብርሃም ኮሊስ ደግሞ በአየርላንድ የየራሳቸውን ስብራት የገለጹት በ1814 ነው። ራጅ የተገኘው በ1895። 81 ዓመት ሙሉ ያለ ፎቶ፣ በዓይንና በእጅ ዳበሳ ነበር የሚሠራው። ኮሊስ የገለጸው ስብራት፣ ሰው ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሬዲየስ የታችኛው ጫፍ ወደ እጅ ጀርባ የሚዞርበት፣ ዛሬም በየተረኛው ክፍል የምታገኚው ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት አሮጊቶች በብዛት ይዘውት ይመጣሉ።

አሁን ወደ አንጓ። አንድ እጅ ላይ 27 አጥንት አለ፦ 14 የጣት፣ 5 የመዳፍ፣ 8 የአንጓ። የሚያስቸግሩሽ እነዚህ 8ቱ ናቸው። ሲኒየሮች የሚያወርሷት አንዲት የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ስንኝ አለች፣ ሳትሰሚያት አትቀሪም። የመጀመሪያ ፊደሎችን ትሰጥሻለች፤ ከየትኛው በኩል እንደሚቆጠር ግን አትነግርሽም። ግራ እጅ ሲመጣ ያው ድንግርግር ነው። ዳብሰሽ ተማሪያቸው።

አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ቀጥ አድርጊው። ከሥሩ፣ በጅማቶች መካከል፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ ጫን ስትዪ የሚያገኝሽ ጠንካራ ነገር ስካፎይድ ነው። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጥግ ሂጂ። በመዳፍ በኩል፣ በአንጓሽ መሸብሸቢያ ላይ፣ በትንሿ ጣት አቅጣጫ አንዲት ጠንካራ ጉብታ አለች። ፒዚፎርም ናት። አንጓሽን ዘና ካደረግሽው በሁለት ጣት ይዘሽ ታነቃንቂያታለሽ። ሁለቱን ጥጎች ያዝሽ። በመካከላቸው ከአውራ ጣት በኩል ቀጥሎ ሉኔት፣ ከዚያ ትራይኩትረም አለ፤ ፒዚፎርም የምትቀመጠው ከትራይኩትረም ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ አለቀ።

ሁለተኛው ረድፍ በጣቶች ይታወቃል። በአውራ ጣት ሥር ትራፒዚየም፣ በሌባ ጣት ሥር ትራፒዞይድ፣ በመሃል ጣት ሥር ካፒቴት፣ በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ሥር ሃሜት። ካፒቴት ከስምንቱ ትልቁ ነው። ፊልም ላይ ከተደናገርሽ የመሃል ጣትን አጥንት ይዘሽ ውረጂ፤ መጀመሪያ የምትገጥሚው እሱ ነው፤ ሌሎቹን ከእሱ ተነሥተሽ ቁጠሪ። አውራ ጣት ሁልጊዜ በትራፒዚየም በኩል ስለሆነ ግራም ቀኝም ቢሆን አትሳሳቺም።

የአንጓ ፒኤ (ከኋላ ወደ ፊት የሚነሳውን) ስታነሺ ጣቶች ለምን እጥፍ እንደሚደረጉ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? መዳፍሽን ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ አድርገሽ ጣቶችሽን ቀጥ አድርጊያቸው። አሁን ከአንጓሽ ሥር ወረቀት ለማስገባት ሞክሪ። ይገባል፤ ክፍተት አለ። ጣቶችሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊ። አንጓው ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ወረቀቱም ይያዛል። አጥንት ምስሉን የሚቀበለውን ካሴት ወይም ዲቴክተር በተጠጋ ቁጥር ምስሉ ይጠራል፤ በራቀ ቁጥር ይተልቃል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ሠንጠረዥሽ ላይ «ጣቶች እጥፍ» ተብላ የተጻፈችው ነገር ሚስጥሯ ይኸው ነው።

ስካፎይድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እሱ የስንቱን ወጣት እጅ ያበላሸ አጥንት ነው። ወደ መዳፍ ጋደል ብሎ ስለተቀመጠ በተለመደው ፒኤ ላይ አጥሮና ተኮማትሮ ይታያል። ስለዚህ እጁን ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ማዘንበል ያስፈልጋል። ጎረቤቶቹ ገለል ይሉለታል፣ እሱም ቀና ይላል። በዚያ ላይ ጨረሩ የሚወጣበት ቲዩብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ክርን ያዘነብላል። ወይም ቲዩቡን ቀጥ አድርገሽ ከእጁ ሥር ባለ 20 ዲግሪ ስፖንጅ ታስገቢያለሽ። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ነው፤ የተጋደመውን አጥንት በቁመቱ ማየት። ግን መጀመሪያ የአንጓውን መደበኛ ፊልሞች እዪ። ግልጽ የሬዲየስ ስብራት ያለበትን እጅ «አዘንብል» አይባልም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለአንድ አጥንት የሆነው በደም ሥሩ ምክንያት ነው። ስካፎይድ አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከጣት በኩል ካለው ጫፍ ሲሆን ደሙ ወደ ኋላ፣ ወደ ክንድ በኩል ይጓዛል። ወገቡ ላይ ከተሰበረ የኋላኛው ቁራጭ ደም ሊያጥረውና ሊሞት ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስብራቱ ፊልም ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲነካ የሚያመው ሰው ፊልሙ ንጹሕ ቢሆንም ስብራት እንዳለው ተቆጥሮ እጁ ይታሰራል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜም ድጋሚ ራጅ ይነሳል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። አንቺ ግን ታካሚው ጣቱን እዚያ ቦታ ላይ አድርጎ «እዚህ ነው» ካለሽ መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ሐኪሙ «አንጓ» ብሎ ብቻ ከላከውና ስካፎይድን ካልጠቀሰው ሄደሽ ጠይቂው። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣሽም ልክ ነሽ።

ስለ መዳፍና ጣት ብዙ አልልም። ፒኤ ላይ ጨረሩ የሚያርፈው በመሃል ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ኦብሊኩ፣ ማለትም ገደድ ተደርጎ የሚነሳው፣ 45 ዲግሪ ነው፣ ጣቶቹ ግን ወደ ካሴቱ መውደቅ የለባቸውም፤ ከወደቁ መገጣጠሚያዎቹ ይዘጋሉ፣ ደረጃ ያለው ስፖንጅ ፈልጊ። መዳፍ ተደፍቶ ሲነሳ አውራ ጣት ራሷ በኦብሊክ ነው የምትወጣው። ስለዚህ አውራ ጣት ብቻዋን ከታዘዘች ለብቻዋ አስተካክያት፦ ለኤፒ እጁ ወደ ውስጥ ይዞርና የአውራ ጣቷ ጥፍር ካሴቱ ላይ ይተኛል። ፊልሙ መዞሩን ማወቅ ከፈለግሽ የጣት አጥንቶችን ወገብ እዪ። ግራና ቀኙ እኩል ሰርጎድ ካለ አልዞረም።

ቀለበት ይውለቅ። በዓለም ላይ ከሁሉ የታወቀው የመጀመሪያው የሰው ራጅ የእጅ ነው፦ ሮንትገን ታኅሣሥ 1895 የሚስቱን የበርታን እጅ ሲያነሳ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለእሱ አምሮለታል፤ ለአንቺ ግን ቀለበት ስብራት ይደብቃል። ያበጠ ጣት ላይ ያለ ቀለበት ደግሞ ከፎቶውም በላይ ለጣቱ አደጋ ስለሆነ ለነርሷ ንገሪ። ትከሻና ክላቪክል (ከአንገት ሥር ያለውን አጥንት) ስታነሺ የማተቡን መስቀል ጠይቂ። ክሩን ቁረጪ የሚልሽ የለም፤ ክር ብዙም አይታይም። ብረት መስቀሉን በትህትና ወደ ሌላው ወገን ወይም ወደ ጀርባ ማዞር ይበቃል፤ ሰውየው ራሱ ያዙረው። ሹሩባም አትርሺ፤ ትከሻ ላይ የወደቀ ጥብቅ ጉንጉን ፊልም ላይ መስመር ይሠራል። ወደ ላይ ሰብስባ እንድትይዘው ንገሪያት።

አሁን ወደ ክርን፣ ወደ ልጅቷ።

ላተራል፣ ማለትም በጎን የሚነሳው፣ 90 ዲግሪ የታጠፈ ክርን ይፈልጋል። ለምን? ከሁመረስ ጫፍ በስተኋላ ጉድጓድ አለ፤ ውስጡ ትንሽ ስብ ተቀምጧል። ክርኑ በትክክል 90 ዲግሪ ታጥፎ ሲነሳ በጤናማ ሰው ያ የኋላ ስብ አይታይም፤ ጉድጓዱ ይሸፍነዋል። መገጣጠሚያው ውስጥ ደም ከተጠራቀመ ስቡን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ከአጥንቱ ኋላ ጠቆር ያለ ጥላ ሆኖ ይታያል። ስብራቱ ራሱ ባይታይ እንኳ ያ ጥላ «እዚህ አንድ ነገር አለ» ይላል። ክርኑን ዘርጋ አድርገሽ ካነሳሽው ግን የአልና ጫፍ ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ስቡን ያስወጣዋል። ጤነኛውን የታመመ አስመሰልሽው ማለት ነው። 90 የምትለው ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው።

ለላተራል ሌላው ነገር ሁለቱ ጉብታዎች አንዱ በአንዱ ላይ መደራረባቸው ነው። እንዲደራረቡ ትከሻ፣ ክርንና አንጓ አንድ ወለል ላይ መሆን አለባቸው፤ አውራ ጣት ወደ ላይ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በትከሻው ነው። ጠረጴዛው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ ታካሚው ከላይ ወደ ታች እጁን ያወርደዋል። ጠረጴዛው ከፍና ዝቅ የማይል ከሆነ ወንበሩን ለውጪ፤ ዝቅ ያለ ወንበር ከጠፋ ክንዱን ከሥሩ በስፖንጅ ወይም በታጠፈ አንሶላ ከፍ አድርጊው። ታካሚው ጎኑን ለጠረጴዛው ሰጥቶ ይቀመጥ፤ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አይግባ፣ ጨረሩ እዚያ ነው የሚያልፈው።

ኤፒ ደግሞ ተዘርግቶ፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ጉብታዎች ከካሴቱ እኩል ርቀት ላይ ሆነው ነው። ልጅቷ ግን መዘርጋት አልቻለችም። ሲኒየሩ ምን እንዳደረገ አልነገርሽኝም፣ ግን መሆን የነበረበትን ልንገርሽ። ክርኑ እንደታጠፈ ሁለት ኤፒ ይነሳል፦ አንዱ የላይኛው ክንድ ካሴቱ ላይ ተኝቶ፣ ሌላው የታችኛው ክንድ ካሴቱ ላይ ተኝቶ። መጀመሪያው የሁመረስን ጫፍ፣ ሁለተኛው የሬዲየስና የአልናን ጫፍ በደንብ ያሳያል። የሬዲየስን ራስ ለይተሽ ማየት ብትፈልጊ ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ እንዳለ ቲዩቡን 45 ዲግሪ ወደ ትከሻ ታዘነብያለሽ፤ የሬዲየስ ራስ ከአልና ላይ ይለቃል። አየሽ፣ የምታንቀሳቅሺው ቲዩቡን ነው፣ ክንዱ ባለበት ይቆያል። ለተጎዳ ሰው ሁሉ ይህ ይሠራል። መሣሪያው አያለቅስም።

ልጆች ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከክርን ከፍ ብሎ ያለው የሁመረስ ቀጭን ክፍል ነው፤ ሱፕራኮንዳይላር ይባላል። የተሰበረው ጫፍ ሹል ነው። ከፊቱ ደግሞ ወደ እጅ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥርና ነርቭ ያልፋሉ። ያንን ክርን በግድ መዘርጋት ምን እንደሚያመጣ አሁን ገባሽ። ልጅቷን ስትቀበያት መጀመሪያ ጣቶቿን እዪ። ሞቃት ናቸው? ቀለማቸው እንደ ሌላኛው እጅ ነው? ጣቶቿን ስታነቃንቂያቸው ይሰማታል? ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ራጁን ትተሽ መጀመሪያ ሐኪም ጥሪ። «እጅሽን ዘርጊ» ማለትም አያስፈልግም። «እስኪ የማያምሽን ያህል ብቻ አሳዪኝ» በያት። ልጅ ራሷ እጇን ስታመጣው ከአንቺ የተሻለ ታስቀምጠዋለች። እናቷ ልትይዛት ከገባች የእርሳስ ጋውን አልብሻት፤ ከዚያ በፊት ግን እርግዝና ሊኖር እንደሚችል ዘመድ አዝማድ በሌለበት ቀስ ብለሽ ጠይቂያት። አማቷ አጠገቧ ቆመው «አይ፣ የለም» ማለቷ ምንም አይነግርሽም።

በአገራችን ደግሞ ከወጌሻ ጋ ቆይቶ የሚመጣ ታካሚ ይገጥምሻል። ክንዱ በሸንበቆ ወይም በእንጨት ተጠፍሮ ይመጣል። እንጨቱ ፊልም ላይ ቢታይም አጥንቱን አይጋርደውም፤ እንዳለ ማንሳት ይቻላል። ራስሽ አትፍቺው፤ መፍታቱ የሐኪም ነው። ነገር ግን ጣቶቹ አብጠው፣ ጠቁረው ወይም ደንዝዘው ካየሽ ተራ አስጠብቀሽ አታቆይው። የጠበቀ እስር ደም አቋርጦ እጅ ያስቆርጣል፤ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቤተሰቡን «ለምን ወጌሻ ወሰዳችሁት» ብለሽ አትውቀሺ። ያኔ ነገሩን ሁሉ ይደብቁሻል።

ትከሻ ላይ የጉብታዎቹን ሕግ ይዘሽ ሂጂ። እጅ ወደ ውጭ ሲዞርና ጉብታዎቹ ከካሴቱ እኩል ሲርቁ፣ በሁመረስ የላይኛው ጫፍ ካሉት ሁለት የአጥንት ጉጦች ትልቁ በውጭ በኩል ጎልቶ ይወጣል። ወደ ውስጥ ሲዞር ትንሹ ጉጥ በውስጥ በኩል ይመጣል። ይህ ግን ላልተጎዳ ትከሻ ነው። ባጃጅ ገልብጦት የመጣን ሰው ክንድ አታዙሪ፤ እንዳለ አንሺው። ሁለተኛውን እይታ ሰውየውን ራሱን በማዞር ታገኚዋለሽ፦ የተጎዳው ትከሻ ካሴቱን ነክቶ ሰውነቱ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ሲዞር ስካፑላ፣ ከትከሻ ኋላ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ልክ እንደ ባላ ሆኖ ይታያል፤ የሁመረስ ራስ ባላው መገናኛ ላይ መቀመጥ አለበት። ብዙውን ጊዜ ውልቃት ወደ ፊት ነው፣ ኤፒ ላይም ያስታውቃል። ወደ ኋላ የሚወልቀው ግን ተንኮለኛ ነው። የሚጥል በሽታ ከጣለው ወይም ኤሌክትሪክ ከያዘው ሰው ላይ ይመጣል፤ ኤፒውን ስታዪው ጤነኛ ሊመስልሽ ይችላል። ስለዚህ «ምንም የለውም» ብለሽ በአንድ ፊልም አትላኪው።

ስለ ክላቪክል አንዲት ነገር ብቻ፦ ቲዩቡ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ራስ የሚያዘነብለው ክላቪክልን ከጎድን አጥንቶች ላይ ለማንሳት ነው። ቀጭን ሰው ሰፋ ያለ ማዕዘን ይፈልጋል፣ ወፍራም ሰው ያነሰ። ይህንንም ስትፈተኚ ከነምክንያቱ ተናገሪው፤ ፈታኞች ይወዱታል።

ስለ ፈተናው ደግሞ፦ ነጥብ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ከፖዚሽኑ በፊት ነው። ታካሚውን «ከበደ ነዎት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የደከመ ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል። «ስምዎን ይንገሩኝ» በይ። የትኛው እጅ እንደሚያመው ከአፉ ስሚና ከወረቀቱ ጋር አመሳክሪ። የግራና የቀኝ ማርከር ከማንሳትሽ በፊት ካሴቱ ላይ ይቀመጥ፤ በኋላ ኮምፒውተር ላይ እጽፈዋለሁ አትበይ። ጨረሩን ወደሚፈለገው አካል ብቻ አጥብቢ። ርቀቱ በአብዛኛው 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጣትና መዳፍ ከ50 እስከ 60 ኬቪ (የጨረሩ ጉልበት)፣ ያለ ግሪድ (የተበተነ ጨረር ማጣሪያ)። ትከሻ ወፍራም ስለሆነ ከ70 እስከ 80 ከግሪድ ጋር፤ ግሪድ የሚገባው ውፍረቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ነው። ቁጥሮቹ እንደየማሽኑ ይለያያሉ፣ የሆስፒታሉን ቻርት እዪ።

አጠናንሽን እንዲህ ቀይሪው። አንዲት ጓደኛ ፈልጊ፣ የሚታጠብ እስክሪብቶ ያዙ። እያንዳንዱን አጥንት እየዳበሳችሁ አንዳችሁ በሌላችሁ ክንድ ላይ ሳሉት። ከዚያ አንዷ ታካሚ ትሁን፤ ታልቅስ፣ እምቢ ትበል፣ እጇን አልዘረጋም ትበል። እየሳቃችሁ የምትለማመዱት ነገር ታካሚ ፊት አይጠፋም። ግድግዳሽ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንሺውና «ለምን» የሚል ዓምድ ጨምረሽ እንደገና ጻፊው። ባዶ የቀረው ሳጥን ያልገባሽ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜሽን አጥፊ። ክፍሉ ውስጥ የተነሱ ፊልሞችንም ተፈቅዶልሽ ስታዪ «ይህ ዞሯል ወይስ አልዞረም?» ብለሽ ጠይቂ። የክርን ኤፒ ላይ የሬዲየስ ራስ ከአልና ጋር ትንሽ ብቻ ከተነካካ ልክ ነው። ጭራሽ ከተለያዩ እጁ ወደ ውጭ ዞሯል፤ በጣም ከተደራረቡ ወደ ውስጥ።

አስተማሪሽን በተመለከተ፣ ሰው ፊት ማሸማቀቅ ማስተማር ነው የሚል አስተሳሰብ በሙያችን ገና አልጠፋም፤ እኔ በበኩሌ ምንም ጥቅም አይቼበት አላውቅም። እሱን ለመቀየር ጉልበትሽን አታባክኚ። ያንን ሲኒየር ግን ፈልጊው። ሻይ ጋብዢውና «ያችን ልጅ እንዴት አድርገህ አነሳሃት? ለምን እንደዚያ?» በይው። ሥራውን የሚወድ ሰው «ለምን» ሲባል ደስ ይለዋል፣ እስኪበቃሽ ያወራሻል። ከዚያ በኋላ ባዶ የቀረ ሳጥን ካለሽ የፖዚሽኑን ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፣ በሚቀጥለው ዓምድ እንመለስበታለን።